በምርቃት የጸደቀው አጥር

እኔ ስብሰባ አልወድም። የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ ሲባል ሱቄን ከፍቼ መቀመጥ የምመርጥ የመርሳ ከተማ ሴት ነኝ። በዚያ ሰኔ ግን ወንበር ሳይደረደር ሄጄ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይነሳም። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ቤት ገብቶ ፍራሹን ሲነካው፣ የሚያነሳልኝ ሰው ፍለጋ ስሮጥ "ኧረ ፍጠኚ!" እያለ የተጣራው ነገር ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ የሰፈራችን የጎርፍ ቦይ እንዲሠራ።

ሊቀመንበሩ አጀንዳውን አነበበ። የተረፈው በጀት ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። አንደኛ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር፣ ሁለተኛ የኛ ቦይ። ሰኔ ሳያልቅ ካልተወሰነ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። ሰዉ ወደ እኔ እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ የባሌን ነገር የማያውቅ የለማ። ደስ አለኝ።

እኛ ዘንድ ሳይመረቅ ነገር አይጀመርም። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት ሽማግሌ መክፈቻውን እንዲመርቁ ተለመኑ። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ በዚያ ላይ ከሰደቃ ቤት መርቀው ሰው አሰናብተው ቀጥታ ነበር የመጡት። ተነስተው መዳፋቸውን ሲዘረጉ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ዝናቡን፣ ማሽላውን፣ ከብቱን፣ መንገደኛውን አንድ በአንድ መረቁ። ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን። የኔ አሜንማ ከሁሉም ይጮህ ነበር። በመጨረሻ "የመከራችሁት ይስመር! የወሰናችሁት ይጥና! በሉ በሰላም ግቡ!" አሉና በትራቸውን አንስተው ወጡ።

የመዝጊያውን ነበር የመረቁት።

ሰዉም ብድግ! ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ደርሶባቸው "አባባ፣ ገና እኮ አልጀመርንም!" ቢላቸው፣ "ዱአ ወጥቶ አይመለስም ልጄ፤ መቀመጥ ካማራችሁ ሌላ ቀን ተቀመጡ" አሉት። "ግቡ ከተባለ ወዲያ ቁጭ ማለት ምርቃት መርገጥ ነው" የሚል ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ እንግዲያው ቆመን እንወስን ሲል፣ ሌላው ቆሞ መወሰንም ያው ስብሰባ ነው አለው። አጃኢብ እኮ ነው! እኔ "ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንድ ጊዜ እጃችሁን ብቻ!" እያልሁ ስጮህ፣ "አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው፣ ትሁት ወጣት ነው፣ ቃለ ጉባኤውን ዘረጋልኝ። "አንደኛው አጀንዳ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ይላል።

"መቼ?"

"ሁሉም እጅ ወጥቶ ነበር፣ ቆጥሬያለሁ። እርስዎማ እትዬ፣ ሁለቱንም ነው ያወጡት።"

"ለአሜን ነዋ!"

"ለምን እንደወጣ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።"

"ሁለተኛው አጀንዳስ?"

"እሱ ላይ ሲደረስ ሰው ሄዷል" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ ቀደመኝ። እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ ነው ያለው ማነው? ወጣቱ ወንበር ሳበልኝ፤ አልቀመጥም ብዬ ወጣሁ።

የአጥሩ ብሎኬት በሦስተኛው ቀን ተራገፈ። እንዲህ የፈጠነ ሥራ መርሳ ላይ አይቼ አላውቅም። ሐምሌ ሲቃረብ በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሄጄ ሊቀመንበሩን ብሎኬት ስጠኝ አልሁት።

"ስንት?"

"ለአንዱ እግር ሦስት ሦስት። አልጋው አራት እግር አለው።"

ዓይኔን ማየት አቃተው። "ይውሰዱ፣ ይውሰዱ" አለ፤ "ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።"

ጎረቤቶቼ ባሌን እንደተኛ ከነአልጋው አነሱት፤ እኔ ከሥር ብሎኬቱን ደረደርሁ። ሲጨርሱ ሄዱ። እሱ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። ወለሉን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ።

"አንቺስ?" አለኝ። "አንቺ የት ልትቆሚ ነው?"

ይህን አላሰብሁትም ነበር።