ከአንድ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ በኋላ

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ያላየ አይናገርም» ብዬ በትልልቁ ጽፌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በምንሰበሰብበት ጋምቤላ መሃል ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ነበረው፦ «ፍላሽ ያበላሸ ከማኅበሩ ይወጣል።» መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሕግ ማውጣት ደስ ይለኛል።

ማኅበር የምንለው አራት ሰው ነበርን። ከመቲ መጥቶ ሱቁን የከፈተው ባለ ፎቶ ኮፒ፣ በክልሉ ቢሮ የሚሠራና ሁላችንም «ኤክስፐርቱ» የምንለው የደጋ ሰው፣ እኔ፣ እና ሲስተር። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ ወንድሟ ጁባ የሚኖር። አንድ ቀን ባለ ፎቶ ኮፒው «ቅዳሜ አንድም ቀርተሽ አታውቂም» ብሎ ሲያሾፍባት እንዲህ አለችው፦ «ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚፈልገኝ ሲያመው ነው። እዚህ ብቻ ነው ሐሳቤን የምትጠይቁኝ።» ይህን ሰምቻለሁ። ሰምቼም ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

በየዓመቱ የአሜሪካኖቹ ትልቁ የፊልም ሽልማት ሲቃረብ እኛን ዳኝነት ይለክፈናል። ምርጥ ፊልም የቱ ነው፣ ምርጥ ተዋናይ ማን ነው፣ እየተባለ ጉሮሮ እስኪደርቅ ክርክር ነው። ከተዋናዮቹ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ይሸለማል የምንለውን አንዱን ብቻ በወረቀት ጽፈን፣ አጥፈን፣ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ እንከታለን። እዚያ እሁድ ማታ የሚሰጠው ሽልማት እዚህ ሰኞ ንጋት ላይ ስለሚደርስ፣ ሰኞ ከሥራ በፊት ቆርቆሮው ይከፈታል። ያሸነፈ የሚያገኘው «እኔ ብዬ ነበር» እያለ ዓመቱን ሙሉ እኛን የማሰልቸት መብት ነው። ቀላል ሽልማት እንዳይመስላችሁ።

ኔትዎርካችን ፊልም አያወርድም። ፊልሙ የሚመጣው በፍላሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ወይም ከጁባ በዘመድ ኪስ። አንዱ ለሦስት ቀን ወስዶ ያያል፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ባለቤት እንግዳውን ሳያስቀድም እንደማይበላ ሁሉ፣ የፍላሹ ባለቤትም የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ሁሉም ሰው ያሸንፋል የሚለውን ፊልም ያመጣችው ሲስተር ነበረች፤ ወንድሟ ሰጥቷት። የጠፋች ልጁን ፍለጋ አሮጌ አውቶብስ እየነዳ ከከተማ ከተማ የሚንከራተት ሹፌር ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ሆነ። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከፍቼ እስከ አጋማሹ አየሁና ቀሪውን ቤቴ ለማየት ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ስልኬ ሳዘዋውር መብራት ሄደ። ሲመለስ ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ በኋላ አልንቀሳቀስ አለ። ሹፌሩ በአውቶብሱ መስታወት ወደ ኋላ እያየ ይደርቃል። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ የመጋቢት ሙቀት ብቻ አልነበረም።

መናገር ነበረብኝ። ግን የገዛ ሕጌ ከግድግዳው ላይ ያፈጥብኛል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ፍላሹን ለባለ ፎቶ ኮፒው ሰጠሁት። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «መጨረሻው ልብ ይሰብራል» አልኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ የስልክ ጥሪ ስጠብቅ ዋልኩ። አልደወለም። ቅዳሜ ስንገናኝ፣ ዓይኔን ሳያየኝ፣ «እውነትህን ነው፣ መጨረሻው ከባድ ነው፣ ሙዚቃው በተለይ» አለ። ደነገጥኩ። ያ ሰው ምንም መጨረሻ እንዳላየ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ኤክስፐርቱ እግሩን አነባብሮ፣ «እኔ ግን ተስፋ ያለው መጨረሻ ነው የምለው፤ የሹፌሩን የመጨረሻ እይታ ልብ ብላችኋል?» ብሎ አረፈው። እኔም አላፈርኩም፤ «ያ እይታ ተስፋ ሳይሆን ስንብት ነው» ብዬ ተከራከርኩት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ሦስት ጎልማሶች ማናችንም ባላየነው ትዕይንት አንድ ሰዓት ሙሉ ተጯጯህን። ሲስተር ተራዋ ስላልደረሰ ሕጉን አክብራ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። አንዴ ፈገግ ስትል አይቻለሁ። የክርክሩ ሙቀት ደስ ብሏት መሰለኝ።

ሽልማቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ሲስተር መጣች። የታጠፈ ወረቀቷን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ከአንድ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይቆማል» አለች።

ኤክስፐርቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጋ ደህና ነበር።»

«እኔም ጋ» አለ ባለ ፎቶ ኮፒው፣ ወረቀት እያስተካከለ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ጋ፣ ቲቸር?»

እነዚያ ሁለቱ ምናልባት በእጃቸው የተበላሸ መስሏቸው ፈርተዋል። ማን እንዳበላሸው በእርግጠኝነት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ደህና ነበር» አልኩ።

ሕጉን ቀና ብላ አነበበችው፣ እንደ አዲስ ሰው። «እሺ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ እንግዲህ» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ባጃጅ ስትጠራ ድምጿ እስከ ውስጥ ይሰማ ነበር። ሰብሳቢ ነኝና ወረቀቷን ከቆርቆሮው አውጥቼ፣ ሳልገልጠው፣ በቀይ እስክሪብቶ «አይቆጠርም» ብዬ ጻፍኩበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ ድረስ የምናደደው በዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ሱቁ ውስጥ ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። ኔትዎርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ውጤቱን ለቀቀው። ሹፌሩ አላሸነፈም። ምርጥ ተዋናይት ተብላ የተሸለመችው በዚያው ፊልም የሹፌሩን ልጅ ሆና የሠራችው ናት።

እኛ ባየነው ፊልም ውስጥ ልጅቱ የለችም። አውቶብሱ መስታወት ላይ የተሰካች ፎቶግራፍ ናት። «የትኛዋ ልጅ?» ብሎ የሚጠይቅ ራሱን ያጋልጣል። ኤክስፐርቱ «ይገባታል» አለ። ባለ ፎቶ ኮፒው «በጣም» አለ።

ቆርቆሮውን ከፈትን። ሁላችንም ሹፌሩን ጽፈናል። በመጨረሻ ያን በቀይ የተጻፈበትን ወረቀት ገለጥኩት። በሲስተር የተረጋጋ እጅ ጽሑፍ «ልጅቱ» ይላል። ሙሉውን አይታዋለች ማለት ነው። ስንዋሽ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ሳልደርስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የክትባት ቀን ስለነበረ እናቶች ከማንጎው ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። ሲስተር ካርድ ትሞላለች። «ፍላሹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት፣ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ።

«ይቺን ልጨርስ» አለች። ሕፃኑን ወግታ፣ ጥጡን ይዛ፣ ሲያለቅስ አባብላ ጨረሰች። ከዚያ «ገና ጊዜ ጁባ ከወንድሜ ጋር አይቼዋለሁ» አለች። «ሹፌሩ መጨረሻ ላይ የለም። እናንተ ጋ ከቆመበት ትንሽ እልፍ ብሎ ይሞታል። ከዚያ በኋላ አውቶብሱን የምትነዳው ልጁ ናት፣ እሱን ፍለጋ፤ መሞቱን አታውቅም። እናንተ ግን ስለ ሹፌሩ የመጨረሻ እይታ ተጣላችሁ።»

«እንዴት አስቻለሽ? ለምን አልተናገርሽም?»

«ሦስት ሰው ናችሁ። ከሦስት ሰው አንዱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።» የሚቀጥለውን ካርድ አነሳች። «ቅዳሜ ለነሱ ንገራቸው። ለኔ አይደለም።»

ቅዳሜ ነገርኳቸው። ይስቃሉ፣ «እኛም እኮ» ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። ኤክስፐርቱ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «ሕጉ ያንተ ነው፣ መምህር።» የእነሱን ውሸት ላወጣው እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። ቆርቆሮውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቅር አላለኝም ብል እንደገና መዋሸት ነው። ያን ቀን ከፀሐዩ ይልቅ ያቃጠለኝ የእነሱ ዝምታ ነበር፤ ከዚያ እኔም ለእሷ የሰጠኋት ይህንኑ እንደነበረ ገባኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እግሬ በዚያው መንገድ ወሰደኝ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ የሲስተር ድምፅ ይወጣል፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በተመለሰችበት የመጀመሪያ ስብሰባ ኤክስፐርቱን አፋጥጣዋለች። «አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም? እሱን ብቻ ንገረኝ!» ጥላ የያዝኩ መስዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አየችኝ።

«ቲቸር፣ እዛ ምን ትሠራለህ?» አለች። «መጨረሻውን አየኸው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር፤ ታሪኩን ነግራኛለች፣ አሳምሬ እተርከዋለሁ።

«አላየሁትም» አልኩ።

«እንግዲያው ግባና ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለች፣ ወንበር በእግሯ እየገፋች። «ወንድሜ ሙሉውን በሌላ ፍላሽ ልኮልኛል፤ አሁን ልንከፍተው ነው።»