ጭመቂ፣ ልቀቂ

ሰላማዊት ላምበረት መናኸሪያ ከጎኔ ተቀምጣ የአውቶቡስ ትኬት ትሸጣለች። ተቀምጣ ስል አትመኑኝ፤ ትነሳለች፣ ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች፣ ሳትደላደል ደግሞ ትነሳለች። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ይዟት እግሯ ይደነዝዛል፣ ሽንቷ ፋታ አይሰጣትም። ከወገቧ በታች ስሜቷ ጠፍቶ ባሏን አምሃን መሸሽ ጀምራ ነበር። ይህን ለእኔ እንጂ ለእሱ አልነገረችውም። እሱን ምን አለችው? "ጠበል ላይ ነኝ።"

ጠበል የያዘ ሰው ከትዳር አልጋ ይርቃል። አምሃም ፍራሹን ሳሎን ዘረጋ። እሷ እንጦጦ ስትመላለስ ክረምቱ አለፈ።

በኋላ ሐኪሟ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ላከቻት። ሴትየዋ ምንም ሳታፍር፣ "ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ለሽንቱም ለአልጋውም ይረዳሻል" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ትኬት እየቆረጠች ትጨምቃለች። ፊቷ ሲኮሳተር መንገደኛው፣ "እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ። "አንቺ፣ ፊትሽን ተዪው፤ ታች ነው የተባልሽው!"

ቀስ በቀስ ሽንቷ ረገብ አለላት። አንድ ጠዋት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ስሜቴ እየመጣ መሰለኝ። አምሃ ናፈቀኝ" አለችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ጠልቶኝ ቢሆንስ?"

ያን ቀን ለደሴው ተሳፋሪ የደብረ ብርሃን ትኬት ቆረጠችለት።

በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣች። ማታ እጁን ብትይዘው ቀስ ብሎ አስለቀቃት። "ተጸየፍከኝ?" ስትለው አለቀሰ። ለካ እሱም ተስሎ ኖሯል፤ እስክትድን ድረስ ላይነካት።

"በስመአብ! ምን አልሽው?"

"ጠበሉ መሸሺያዬ እንደነበር ነገርኩት። 'አምሃዬ፣ ይሄ በሽታ እኮ አይድንም፤ አብረውት ነው የሚኖሩት። እስክድን ከጠበቅኸኝ መቼም አታገኘኝም' አልኩት። ጠዋት የንስሐ አባታችን ጋ ሄዷል፤ ስለቱን ይፍቱልኝ ሊል።"

ስልኳን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። እኔንም አቅበጠበጠችኝ። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። የአምሃ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ስግደት ሰጥተው ፈቱልኝ። ፍራሹን ከሳሎን አንስቼዋለሁ።"

ሰላማዊት ተነሳች። ሽንት ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ቦርሳዋን አንስታ፣ እግሯን እየጎተተች ወደ ቤቷ ወደሚወስዳት የካራ ታክሲ ሄደች። የእሷንም መስኮት ይዤ ዋልኩ።