መሰላሉ ሥር የተባለው «በሞቴ»

ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሠፈር በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ «ስድ ሽማግሌ» ተባልኩ። ያሉኝ ሴትዮ አያውቁኝም። ቢያውቁኝ ኖሮ ከዚያ የባሰ ስም ይፈልጉልኝ ነበር፤ በሁለት ቃል መተዋቸው ጨዋነታቸውን ያሳያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስቱ ሊፍቶች ሁለቱ እንደ ልማዳቸው አይሠሩም። በሚሠራው በር ላይ ነጠላ የለበሱ ሴትዮና ከረባት ያሰሩ ሰውዬ፣ ሁለቱም ዘጠነኛ ፎቅ ክርስትና የተጠሩ፣ ተፋጠው ቆመዋል። «ይግቡ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» «በሞቴ።» «አይደረግም፣ በሞቴ እርስዎ።» በሩ ሊዘጋ ሲል ሰውየው በእጃቸው ይመልሱታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ከኋላቸው አንዲት አስታማሚ አንድ በሽተኛ በዊልቸር ይዛ ትጠብቃለች። እኔ በሁለቱ መሃል ሾልኬ ገባሁ፣ በሩን በትከሻዬ ደግፌ አስታማሚዋን ጠራኋት፣ ዊልቸሩ ገባ፣ ቦታው አለቀ። በሩ ሲገጥም የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ ያ ስድብ ነው።

አልተቀየምኩም። ድሮ እኔም በር ላይ የምሞት ጨዋ ነበርኩ። «የምሞት» ያልኩት ለወግ ማሳመሪያ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጥቂት ነው የቀረኝ። የባሰው ደግሞ ሌላ ሰው ይዤ ልሄድ የነበረ መሆኔ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የካናዳ ፓስፖርቴ እጄ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ስለነበር አንድ ቦታ ካልወሰድኩት የሚያኮርፍ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። ቶሮንቶ ስገባ ቤታቸው ያስጠጉኝ፣ የራሳቸውን ትሬለር የሚነዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን «አሪዞና የሚደርስ የጭነት ሎድ አለኝ። ና ያን ፓስፖርትህን አየር እናስነካው» አሉኝ። ሄድን።

መንገዱ በቆሎ ነው፣ በቆሎ ነው፣ አሁንም በቆሎ ነው፤ ከዚያ ድንገት መሬቱ ቀይ ይሆናል። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። ጋሽ ወርቁ ጋቢና ውስጥ ቆሎ ቆርጠም እያደረጉ ይጾማሉ፤ እኔ በየነዳጅ ማደያው ሀምበርገር እየገዛሁ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እበላለሁ። «ዞረህ ብትበላም ጆሮህ ሲያኝክ ይታየኛል» ይሉኝ ነበር።

ዕቃውን ካራገፍን በኋላ የመልሱ ጭነት በሁለት ቀን ዘገየ። ያለንበት ናቫሆ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ምድር ነው፤ ያገሩ ባለቤቶች እነሱ ናቸው፣ ሸለቆዎቻቸውንም ያለ አስጎብኚያቸው ማንም አይገባም። ነዳጅ ማደያው አጠገብ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አየን፤ ሸለቆ እናስጎበኛለን ይላል። ጋሽ ወርቁ «ሁለት ቀን ሙሉ አንተን ከማይ ገደል ልይ» አሉ።

አስጎብኚያችን ሊዮና ትባላለች። ሃምሳ የሚሆናት፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቃል እንደ ብር የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ከአራት ሌሎች ጎብኚዎች ጋር ጭነት በሚጭን ፒካፕ ጀርባ ላይ አሳፈረችን። ዘመዷ ይነዳል። አሸዋው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተናጥን በኋላ መሬቱ ለሁለት የተሰነጠቀበት ቦታ ደረስን። ዘመዷ ላይ ቀረ፤ ሥራው የሰሜኑን ሰማይ ማየት ነው።

«ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ከሰማችሁ ወደ መሰላሉ ትሄዳላችሁ» አለችን። «ፎቶ የለም። ጥያቄ የለም። መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ዋና የማይችል አለ?»

በረሃ መሃል ቆመን ስለ ዋና ስትጠይቅ ሳቄ መጣ። ለጋሽ ወርቁ በአማርኛ ደገምኩላቸው። «ጨዋታ ያውቃሉ ማለት ነው» አሉ። ሁለታችንም ዋና አንችልም፤ ሁለታችንም እጃችንን አላወጣንም። እኔ እንዲያውም ጨምሬ «የተራራ አገር ሰው ነኝ» አልኳት። ወደ እግሬ አየች። የተጫማሁት ከጋሽ ወርቁ የተዋስኩትን፣ በሁለት ቁጥር የሚበልጠኝን ቦቲ ነበር። ምንም አላለችም።

በብረት መሰላል ወረድን። ከታች ያለው ነገር ውብ ነበር፤ ይህንንም ካልተናገርኩ ግፍ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ነገር ግን ነፋስ ላይ እንደተሰጣ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ከላይ በቀጭኑ የሚወርደው ብርሃን አንዱን እጥፋት በርበሬ፣ ሌላውን ብርቱካን ያደርገዋል። አንዳንድ ቦታ እጄን ስዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ እነካለሁ። ከራሳችን በላይ፣ ምናልባት የሁለት ሰው ቁመት ያህል፣ አንድ የዛፍ ግንድ ተሰንቅሮ አየሁ።

«እዚያ ላይ ማን አወጣው?» አልኳት።

«ውሃ።»

በዚህም ሳቅሁ።

ጥሩምባው የተሰማው ከመሰላሉ ሩቅ ሄደን ሳለ ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቀና ብል በስንጥቁ የሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ሊዮና ግን ፊቷ ተለወጠ። ድምፅዋን ሳታነሳ «ተመለሱ። በፍጥነት» አለች። አንዱ ጎብኚ ዝናብ የታለ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ወደ መሰላሉ አዞረችው። ዝናቡ ሩቅ ነው የዘነበው፣ ጎርፉ የሚመጣው ግን እኛ ጋ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ብሎር–ዳንፎርዝ በሚባለው የቶሮንቶ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ላይ ባቡሩ ሳይታይ የሚቀድመውን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እስከ ዛሬ ዳንፎርዝ ልሄድ ጣቢያው ላይ ስቆምና ያ ነፋስ ፊቴን ሲነካው አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው እሸሻለሁ። ቀጥሎ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ። ከዚያ በእግራችን ሥር አንዲት ጣት የማትሞላ ውሃ፣ ጭራሮና አረፋ እየገፋች፣ እየተሳበች አለፈችን።

መሰላሉ ጋ ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። አራቱ ጎብኚዎች አንድም ቃል ሳይነጋገሩ እንደ ጦጣ ወጡ። የቀረነው እኔ፣ ጋሽ ወርቁና ከኋላችን ሊዮና።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይቅደሙ» አልኩ።

«አንተ ቅደም። ልጅ ነህ።»

«እኔ ቀድሜዎት ልወጣ? ኧረ አፈር ስሆን።»

«ውጣ ብዬሃለሁ፣ በሞቴ።»

«በሞቴ እርስዎ።»

«እኔ ነኝ መጀመሪያ በሞቴ ያልኩት።»

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አንድ ሰው «በሞቴ» ካለ ሌላው እሺ ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። ሁለቱም ካሉ ግን የሚፈታው የለም። ገበታ ላይ ቢሆን ጉርሻው ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። እዚያ ግን ውሃው ጉልበታችንን አለፈ። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ውስጥ ይገባል። ጋሽ ወርቁ መሰላሉን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ወደ ላይ ያሳዩኛል፤ እኔም በአንድ እጄ ይዤ በሌላው አሳያቸዋለሁ። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ መሰላል ግራና ቀኝ ይዘን ተጋበዝን። ድምፁ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ባዶ ትሬለር በኮረኮንች ላይ ሲነዳ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ።

ሊዮና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። ትርጉሙን አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈልግም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያን ሰፊ ቦቲዬን ከነእግሬ አነሳችና መሰላሉ ላይ አስቀመጠችው፤ መቀመጫዬንም በትከሻዋ ገፋችው። «አንተ። ከዚያ እሱ» አለች።

ወጣሁ። ቦቲው በየእርከኑ እየተንሸራተተ፣ እኔም በየእርከኑ አንድ ስለት እየተሳልኩ ወጣሁ። አብዛኞቹን እስከ ዛሬ አላገባሁም። ጋሽ ወርቁ ተከተሉኝ፤ ሲያቃስቱ ይሰማኛል። ጫፉ ላይ ደርሰው እጃቸውን ስስብ ያ የምሰማው ድምፅ ከሥራችን አለፈ። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። አንድ ከባድ ነገር መትቶታል።

በደረታችን ተኝተን ወደ ታች አየን። ሊዮና የለችም። የሚታየው ቡናማ ውሃ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ ይዞ፣ እየዞረ ይሄዳል። የመሰላሉን እርከኖች አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። አንዱን ዋጠ። ቀጥሎ ያለውን ዋጠ። ባርኔጣዋ ብቻውን ብቅ አለና ተሽከርክሮ ሄደ። ጋሽ ወርቁ «እመቤቴ፣ በጾምሽ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም። ዘመዷ ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ። እኔ ያሰብኩትን ልናገር፦ ይህችን ሴት የገደልኳት በይሉኝታ ነው፤ ለእናቷ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?

ከዚያ ከውሃው ውስጥ አንድ እጅ ወጣና እርከን ያዘ። ግንዱ ሲመጣ ከመሰላሉ ጀርባ ገብታ፣ ከድንጋዩ ተጣብቃ አሳልፋዋለች። ዘመዷ ገመዱን ጣለላት። እየሳለች፣ አንድ ጫማዋን አጥታ፣ ክንዷ ተልጦ ወጣች። አሸዋው ላይ ተቀምጣ የቀረላትን ጫማ አውልቃ ውሃውን ደፋች።

ቆይቶ ዘመዷ ከመኪናው ምግብ አወጣ። ለሌሎቹ የበግ ወጥ ነበረ፤ በጾሙ ምክንያት ሥጋ ለማይበሉት ለጋሽ ወርቁ ጥብስ በቆሎ ቀረበላቸው። እሳቸው ተቀብለው፣ ሳያስቡት ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ቅመስ፣ በሞ…» ብለው ቃሉን ከመሃል ቆረጡት።

ሊዮና ቀና አለች። «ያ ቃል ምንድን ነው? እታችም ስትባባሉት ነበር።»

ሌላ ትርጉም ብፈጥር በወደድኩ። ግን እንግሊዝኛዬ ለውሸት አይበቃም ነበር። «ሞትን መጥራት ነው» አልኳት። «አንድ ሰው እንዲበላ ወይም እንዲቀድም አጥብቀን ስንለምን እንለዋለን።»

«ለምግብም?»

«ለምግብማ በየጉርሻው።»

የተላጠ ክንዷን እያየች አሰበች። «እኛ ቤት ያንን ነገር በከንቱ አንጠራውም» አለች። «ከጠሩት ይሰማል ትል ነበር እናቴ።» ከዚያ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ ወርቁን አየችና «የማን ሞት?» አለች። «የእኔ» ልላት አልኩ፣ ልማዱ ነዋ። አላስጨረሰችኝም። «እታች የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እስካሁን በረሳሁት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ይቅደሙ ሲለኝ ለማመስገን አልቸኩልም፤ ዞር ብዬ ከኋላችን ማን እንደቆመ አያለሁ። ሁለት ሰው ሲከባበር ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው።

ትናንት ኖርዝ ዮርክ ላሉት ለጋሽ ወርቁ ኮል አደረግኩላቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። የሊፍቱን ታሪክ ነገርኳቸው።

«ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፦ «ስማ፣ ያን ቀን ቅደም ያልኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጉልበቴ ከድቶኝ ነው። መሰላሉን ፈርቼ።»

«እኔም ፈርቼ ነው» አልኩ።

«ይኸን ሁሉ ዓመት አክብረኸኝ መስሎኝ።»

«እኔም ለእኔ ሳስተው መስሎኝ።»

«እንግዲህ የቀረን አንድ በር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እዚያ እንኳ እንዳትቀድመኝ።»

«በሞቴ፣ አልቀድምዎትም።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪበርድላቸው ጠበቅኩ።

«የማን ሞት?» አሉኝ።