ወደ ግራ የሚጎትት በሬ

ትናንት ከሥራ ስወጣ ወተት ልገዛ እዚሁ ፍሪስኮ ከተማ አንድ ሱቅ ገብቼ የደረሰኝ የዕቃ ጋሪ፣ አንድ ጎማው ሲጥ ሲጥ እያለ ወደ ግራ ይጎትተኝ ጀመር። ሌላ ሰው ይቀይረው ነበር፤ እኔ ግን የጠፋ በሬዬን ያገኘሁ ይመስል እጀታውን ጨብጬ ቆምኩ።

ጋርላንድ ባደግኩበት አፓርታማ ሴኞር ራሞን የሚባሉ ሜክሲኳዊ ጎረቤት ነበሩን፤ በወጣትነታቸው ማታዶር ሆነው በአደባባይ ከበሬ ጋር የተጋጠሙ፣ አንድ ጉልበታቸው እንደ ልብ የማይታጠፍ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤት ያጣ የሱቅ ጋሪ ላይ ሁለት ቀንድ በሽቦ ያስሩና፣ የዘጠኝ ዓመቷ እኔ በሬ ሆኜ ጋሪውን ይዤ ስሮጥባቸው፣ እሳቸው ሮዝ ፎጣ ዘርግተው እግራቸውን ሳያነሱ ያሳልፉኛል። በሬ ሁሉ የሚያደላበት ጎን አለው፣ ያንቺ ግራ ነው ይሉኝ ነበር።

ታክሲ ነጂው አባቴ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ሲያየን ቆየና፣ በሬው መጨረሻ ላይ በሰይፍ እንደሚገደል ስነግረው፣ “እስቲ አስክ አድርጊልኝ፤ በሬውን ባርኮ የሚያርደው ማነው? ያልተባረከ ሥጋ እንዴት ይበላል?” አለኝ። ተረጎምኩላቸው። ሴኞር ራሞን ሳይስቁ፣ ማታዶሩ ከመግባቱ በፊት በማርያም ሥዕል ፊት ተንበርክኮ እንደሚጸልይ ነገሩን። አባቴ የእመቤታችንን ስም ሲሰማ ልቡ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ፎጣው በተዘረጋ ቁጥር ያማትብ ነበር።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ጨዋታው ሁልጊዜ በእንጨት ሰይፋቸው፣ በኔ ሞት ያልቃል። እስከ መጨረሻው ያላፈገፈገ በሬ ግን ነጭ መሐረብ ተውለብልቦለት ምሕረት ያገኛል ብለውኝ ነበር፤ ያን መሐረብ ለማየት ያልተሳልኩት ስለት አልነበረም። አንድ ቅዳሜ፣ ግራዬን እንደሚጠብቁ አውቄ፣ ጋሪውን ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ጋሪው ከደህናው ጉልበታቸው ጋር ተላተመ። አስፋልቱ ላይ ወድቀው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና አውለበለቡልኝ።

“ይህ በሬ ይኖራል” አሉ።

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ወሩ ሳያልቅ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ልጃቸው ወደ ፎርት ዎርዝ ወሰደቻቸው፤ እኔም አፍሬ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሸኘኋቸው።

የዚያን በሬ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ መሐረቡን ያደነቁ አስተማሪዎች ብዙ ናቸው። ወደ ቀኝ መጠምዘዜን ግን የትም አልጻፍኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋሁት እኔም ግን አልረሳሁም።

ትናንት እጀታውን ለቀቅኩት። ጋሪው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ግራ ሄደ። ሴኞር፣ በሬውን በደንብ አውቀውት ነበር፤ ያታለልኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ሳልልዎትም ቀረሁ።