አዎ ብቻ የሚመልስ ሰው

መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ማራገቢያው ተበላሽቶ፣ አንድ መጠይቅ ግማሽ ቀን ጮክ ብለን አነበብን። ጥናቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የአእምሮ ሕመም ሲይዛቸው በምን እንደሚታወቅ የሚያጣራ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ተባልን። አንዱ ከልጅነት የሚጀምር የእድገት ጉዳይ ነው፤ ሌላው ማንንም የሚይዝ ሕመም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከመጻፍ አላለፍኩም።

ነርስ ነኝ። ከጤና ጣቢያ ወደ ጥናቱ የመጣሁት በሳይንስ ፍቅር አይደለም፤ ተረኝነት ሰልችቶኝ ነው።

መጠይቁን የተረጎመው ሰው ሸዋ ሮቢት ያለችበትን የቀወት ወረዳ በካርታም ያየ አይመስለኝም። ለቤተሰብ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የዋጋ ቢስነት ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል?» ይላል። አንድ ገበሬ አባት አሰብ አድርገው፣ «የሽንኩርቱን ማለትሽ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ የእርስዎን» አልኳቸው። በር ድረስ እንኳ ሳይሸኙኝ ቀሩ።

ይህን ለአስተባባሪያችን ለአእምሮ ሐኪሙ ለዶክተር ይርጋ ብነግራቸው፣ «ጥያቄ አይቀየርም፤ እንደተጻፈው ይነበባል» አሉ።

ተክሌን ያገኘሁት በሁለተኛው ወር፣ ከጀውሃ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ ነው፤ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ነው። ከቤቱ ጎን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። በሥልጠናው መሠረት «እርስዎ» ብዬ ስጀምር ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ።

«ያዝናሉ?» «አዎ።» «እንቅልፍ ያጣሉ?» «አዎ።» «ደስተኛ ነዎት?» «አዎ።»

ተጠራጠርኩና ውርጭ በማያውቀው በዚያ ቆላ፣ ከመጠይቁ ውጪ፣ «ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውርጭ ወርዶ ነበር?» አልኩት።

«አዎ» አለ በትሕትና።

ሰው ሲጠይቀው አዎ ካለ ቶሎ እንደሚተወው ተምሯል። እኔም ቶሎ ተውኩት። እህቱን ስጠይቃቸው፣ «ሲስተር፣ እሱ እኮ ድሮም እንዲሁ ነው» አሉ። አዎዎቹን በሙሉ ታብሌቱ ላይ ሞላሁና ጀውሃ ሄጄ ጥብስ በላሁ። ጥሩ ጥብስ ነበር።

በማግስቱ ዶክተር ይርጋ ጠሩኝ። «ይህ ሰው ደስተኛም ነው፣ ያዘነም ነው። የቱን ልመን?»

«አንዱንም አይመኑ። ውርጭም ወርዷል ብሎኛል።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። «ታዲያ ለምን ሞላሽው?» አሉ። ጥያቄ አይቀየርም የሚሉት ሰውዬ፣ «ቅጹን ተይውና ሰዎቹን አናግሪ» ብለው መልሰው ላኩኝ።

እትዬ አስካለ በሰፌድ የማሾ ጥራጥሬ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ታብሌቱን ሳላወጣ አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ። «አምና በዚህ ጊዜ ተክሌ ቀኑን በምን ነበር የሚያሳልፈው?» አልኳቸው።

«አምናማ በአህያ ውኃ ያመጣ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይልከዋል። ሲስቅ ማዶ ድረስ ይሰማል።» እጃቸው ቆመ። «አባባ ከሞቱ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። አይበላም። ብላ ስንለው ይማታል። የአጎቶቼ ልጆች በሚመጣው ሳምንት አስረው ጸበል ሊወስዱት ነው።»

«የአባባን ሞት ማን ነገረው?»

«ምን ይገባዋል ብለን? ለቅሶውን እንዳይረብሽ አክስቴ ዘንድ ሰደድነው። ሲመለስ መንገድ ሄደዋል አልነው።»

ቀና ብዬ ተክሌ የተቀመጠበትን አየሁ። ከዚያ ግድግዳ ሥር መንገደኛ የሚመለስበት አስፋልት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስንት ወር ሙሉ አባቱን እየጠበቀ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊቱ ቆሜ ስለ ውርጭ እቀልድበት ነበር።

ስደውልላቸው ዶክተር ይርጋ በባጃጅ መጡ። ረጅም ጊዜ አብረውት ተቀመጡ። ከባድ ድብርት ነው አሉ። መድኃኒት አዘዙለት፤ እህቱንም እውነቱን በቀላል ቃል እንዲነግሩት መከሯቸው።

እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ወስደው መቃብሩን አሳዩት። እኔም አብሬ ሄድኩ። «አባባ ሞተዋል። እዚህ ነው የቀበርናቸው። አይመለሱም። ሳንነግርህ አጥፍተናል» አሉት።

«አይደለም» አለ ተክሌ። ከአዎ ሌላ ቃል ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እህቱም አጠገቡ ተቀመጡ። ማንም ዝም በል አላለውም።

በአንድ ቀን አልዳነም። መጀመሪያ መድኃኒቱ ሲያንገላጅጀው ሰነበተ፤ መጠኑ ተቀነሰለት። ቀስ እያለ መብላት ጀመረ፤ ከወራት በኋላ አህያዋን መንዳት። ሳቁ እንደ ድሮው አልሆነም። ጸበሉም አልቀረም፤ ሳይታሰር፣ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ፣ ከእህቱ ጋር በእግሩ ሄደ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። አንድ ሰው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ከመሙላታችሁ በፊት፣ አምና ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁ እላቸዋለሁ። በመሃል የተለወጠውን ጻፉ።