በቆቦ ሥጋ የሠራሁ ቀን

ክሎሮፎርም የሚባለው የላቦራቶሪ ፈሳሽ ከሸተተኝ እስካሁን ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ። ሰው ራሱን ይጸየፋል? እኔ እጸየፋለሁ።

በደርግ ጊዜ ውጭ አገር ኬሚስትሪ ተምሬ ቆቦ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ያለኝ ሀብት አንዲት ብልቃጥ ነበረች። ውስጧ እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ቢጫ የፕላስቲክ ፍሬዎች አሉ። አሚኖ አሲድ የሚባሉትን የፕሮቲን ቅንጣቶች የሚያያይዘው ኬሚካል እነሱ ላይ ተጣብቋል። በማይፈለገው በኩል እንዳይያያዙ አንድ አንድ ጫፋቸው የተሸፈነ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ከፍሬዎቹ ጋር ክሎሮፎርም ውስጥ ትበጠብጣለህ፤ ይያያዛሉ። ስታጠልለው ትራፊው ፍሬዎቹ ላይ ይቀራል፣ ንጹሑ ይወርዳል። ግሩም ሥራ ነው፤ ለተማሪም ማሳየት እወድ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሥጋም ቢሆን የዚህ ዓይነት ረጅም ሰንሰለት ነው ብዬ አስረዳሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወሬው የወረዳው ካድሬ ዘንድ ደረሰ። ለገበሬዎች ስብሰባ ሥጋ ሠርተህ አሳይ አለኝ። ከቀን ሙሉ ሥራ የጥፍር ጫፍ የምታህል ዱቄት ነው የምትወጣው፣ ደግሞም አይበላም ብዬ ለመንኩት። ወይ ፍንክች። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የምመለስበት ቅጽ የእሱን ፊርማ እየጠበቀ መሆኑን ብቻ አስታወሰኝ።

ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር፤ የራያ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ካድሬው ሠርቼ ያመጣሁለትን ያቺን ቁንጣሪ ነጭ ዱቄት ገበሬዎቹ ፊት በብርጭቆ ሰሃን ከፍ አድርጎ፣ ሳይንስ ሥጋ ሠርቷል፣ በቅርቡ በኩንታል ይመጣል አለ። ከንፈራቸው የደረቀ ሰዎች ሰሃኑን እየተቀባበሉ አሸተቱ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ኤዲያ፣ ምን ዓይነት ፊት ነበር የነበረኝ!

ስብሰባው ሲበተን አንድ የሮቢት ሽማግሌ ወደኔ መጡ። እንደነገሩኝ፣ ቤታቸው አህያ ጭነው፣ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በዋጃ በኩል እህል ወደሚታደልበት ሊነሱ ነበር። ትንሿ ልጃቸው መቆም አቅቷታል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ይኼ ሥጋ ይደርስልናል? ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

የካድሬው እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ይጠብቁ፣ አባባ» አልኳቸው።

ካድሬው እዚያው ቅጼን ፈረመልኝ። ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው፣ ዕድሜ ይስጥህ ብለው መርቀውኝ፣ አህያቸውን ሊያራግፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።