በር የለሽ ሞክሼ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሀና ማርያም ድረስ ሄጄ፣ ስለ ሐሜትና ስለ ጾም ብቻ አውርቼ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

ትርፌ የምትባለውን ልጅ የቤት ሥራ እንድትሠራልኝ ከገጠር ያመጣኋት እኔ ነኝ። እናቷ የሩቅ ዘመዴ ነበሩ፤ «አደራሽን» ብለው ሰጡኝ። እኔም አደራውን በቁልፍ ጠበቅሁ። ጠዋት ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ ሥራዬ ስወጣ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከውጭ ቆልፌባት እሄድ ነበር። ከተማው ክፉ ነው፣ ደላላ ያሳስታታል እል ነበር። ውሸቴን ነው። የቆለፍኩባት ሰው ተዋውቃ፣ የተሻለ ቤት አግኝታ ጥላኝ እንዳትሄድ ነው።

በረንዳዬ ላይ ላፍቶ ከችግኝ ሻጮች የገዛኋት፣ ፈርን የምትባል አበባ የሌላት ቅጠላም ተክል ነበረች። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ዕውቀቴን ማሳየት እወዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ትርፌ ውሃ ስታጠጣት ስሟን ተረጎምኩላት። ፈረንጆቹ ቅጠሏ ስስ ስለሆነ «ሴቷ ፈርን» አሏት እንጂ ሴትስ አይደለችም። የሳይንስ ስሟ አቲሪየም ግን ከግሪክ የመጣ ነው፤ «በር የለሽ» ማለት ነው፤ እንደ ዘር የምትረጨውን ብናኝ የሸፈነው ክዳን ቶሎ ስለማይከፈት በር የሌላት ትመስላለችና።

«በር የላትም?» አለች ትርፌ እየሳቀች። «እንግዲያው ሞክሼዬ ናት በሉኛ፣ እትዬ!»

እኔም ሳቅሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ ሳቅሁ።

ከዚያ እናቷ በድንገት አረፉ። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሲነጋጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። አጎቷ ለቀብር ሊወስዳት ሲመጣ የብረቱ በር ተቆልፎ ጠበቀው።

«ክፈቺ» አላት።

«ቁልፉ እትዬ ጋ ነው።»

ደጋግሞ ደወለልኝ። እኔ ላስተምር ክፍል ገብቼ ስልኬን አጥፍቼ ነበር። «እማዬ ምን ሆነች?» እያለች በሩን ስትደበድብ መዋሸት አቃተው፤ ቀብሩ እንዳያመልጠው መርዶውን በበሩ ስንጥቅ ነግሯት እያለቀሰ ሄደ።

ስመለስ በረንዳው ላይ ፈርኗን ከነማሰሮዋ አቅፋ አገኘኋት። ሌላ ምን ትቀፍ? ድምጿ ተዘግቶ ነበር። «እትዬ፣ በሩን እንዳይቆልፉት» አለችኝ፤ ተነሥታ ወጣች፤ በዚያው ቀረች።

«ምን አውቄ» ልበል? የሰው ልጅ ላይ በር ስቆልፍ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከእናቷ ቀብር ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ መርዶዋን ብቻዋን ያሰማኋት እኔ ነኝ። የእጄን አግኝቻለሁ። ዛሬ በሬን ቆልፌ መተኛት አልችልም፤ ክፍት ሆኖም መውጣት ያቅተኛል። ፈርኗን ግን አጠጣታለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የእኔ ቁልፍ ትርፌ ጋ ነው፤ የት እንዳለች አላውቅም።